የትርፍ አንጀት ታሪክና የሰዓት ዋጋ

ሰው በድንገት ሲታመም ከሕመሙ ጋር አብሮ የሚመጣበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «አሁን ልሂድ ወይስ ልቈይ?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ሐኪሙ አይደለም፤ ሐኪሙ ገና አልተጠራምና። የሚመልሱት በሽተኛው ራሱ፥ ባልንጀራው ወይም ቤተ ሰቡ ናቸው። መልሱም የሚሰጠው በሐኪም ቤት ሳይሆን በመኝታ ቤት፥ ብዙ ጊዜም በሌሊት፥ ዕውቀት ባነሰበትና ጭንቀት በበዛበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የሕክምና ታሪክ የሊቃውንትና የመድኃኒት ታሪክ ብቻ ተደርጎ ሲጻፍ ግማሹ ሳይነገር ይቀራል፤ ያ ያልተነገረው ግማሽ ሰዎች ወደ ሐኪም ለመሄድ የቈረጡበት፥ ወይም ሳይቈርጡ የቀሩበት ሰዓት ታሪክ ነው።

ይህን ለማስረዳት ትርፍ አንጀት ከሚባለው በሽታ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። በሽታው ሀብታምና ድኻ፥ ንጉሥና ወታደር ሳይመርጥ ጤነኛ ሆኖ የዋለውን ሰው በድንገት ይይዛል፤ በሰዓቱ ከተደረሰበት በአብዛኛው ይድናል፥ ሰዓቱ ካለፈ ግን ይገድላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈባቸው በስተቀር፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

አስቀድመን ስለ ብልቲቱ ጥቂት እንበል። ትርፍ አንጀት በሆድ ውስጥ በታችኛው ቀኝ በኩል፥ ትልቁ አንጀት ከሚጀምርበት ስፍራ ላይ እንደ ትል ቀጥና የምትንጠለጠል፥ አንድ ጫፏ ድፍን የሆነ ትንሽ ቱቦ ናት። ርዝመቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። «ትርፍ» የሚለው ስሟ ያለ ጥቅም የተቀመጠች ስለሚያስመስላት ሰው ይንቃታል፤ ነገር ግን የተናቀች ብልት መላውን አካል ልታጠፋ ትችላለች። የቱቦዋ አፍ በደረቀ ዐይነ ምድር ወይም በእብጠት የተዘጋ እንደ ሆነ በውስጧ ያለው ፈሳሽ መውጫ ያጣል፤ ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ ቱቦዋም ትነፋለች። እየተወጠረች በሄደች መጠን ደም ወደ ግድግዳዋ መድረስ ይሳነዋል፤ ሥጋዋ ይሞታል፤ በመጨረሻም ትቀደዳለች። በዚያን ጊዜ በውስጧ የነበረው መግልና ቈሻሻ ወደ ሆድ ዕቃ ፈስሶ አንጀትን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ይመርዛል። ከመጀመሪያው ሕመም አንሥቶ እስከዚህ ድረስ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ነው። የዚህ በሽታ ታሪክ ሁሉ የሚሽከረከረው በእነዚህ ጥቂት ሰዓታት ዙሪያ ነው።

ትርፍ አንጀትን ቈርጦ በማውጣት ስሙ በመጀመሪያ የተመዘገበው ሐኪም ክላውድየስ አምያንድ ነው። ይህ በትውልዱ ፈረንሳዊ የሆነ ሰው የእንግሊዝ ንጉሥ የ2ኛው ጆርጅ ሐኪም ነበር። በዲሴምበር 1735 በለንደን በቅዱስ ጊዮርጊስ ሐኪም ቤት በብሽሽቱ ላይ ቡአ የወጣበት አንድ የ11 ዓመት ልጅ ቀረበለት። አምያንድ ቡአውን ሲከፍት በውስጡ ትርፍ አንጀትን አገኛት፤ ልጁ የዋጣት ስፒልም ወግታ ቀድዳታለች። ሐኪሙ ቈርጦ አወጣት፤ ልጁም ዳነ። ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን ይህን ያህል መድፈር የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ አምያንድ የተነሣው ቡአን ለማከም እንጂ ትርፍ አንጀትን ለማውጣት አልነበረም፤ ያገኛትም በአጋጣሚ ነው። ከዚህ የተነሣ ሥራው ለሌሎች በሽተኞች መንገድ ሳይከፍት፥ እንደ ብርቅ ነገር ብቻ ተመዝግቦ ቀረ።

ከዚያም በኋላ ቢሆን በቀኝ በኩል የሚነሣው የሆድ ሕመም ምንጩ ከየት እንደ ሆነ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። በ1827 ፍራንስዋ ሜልየ የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም ከሬሳ ምርመራ ያገኘውን ማስረጃ አቅርቦ ጥፋቱ ከትርፍ አንጀት እንደሚመጣ አመለከተ። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን በፓሪስ ከሁሉ በላይ ይከበር የነበረው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ጊዮም ዱፒይትራን ሕመሙን የሚያመጣው የትልቁ አንጀት መነሻ ነው ብሎ ያምን ስለ ነበረ፥ የታላቁ ሰው ቃል የታናሹን ማስረጃ ሸፈነው። ስሕተቱ የስም ስሕተት ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልጐዳ ነበር፤ ነገር ግን በሽታው ያለ ስሙ በተጠራ ጊዜ ሕክምናውም በዚያው ተሳሳተ። ለበሽተኛው የሚሰጠው ወይ ሕመሙን የሚያደነዝዝ ኦፒየም፥ ወይም ሆዱን የሚያጥብ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነበር። ኦፒየሙ የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ያፍነዋል፤ የሚያስቀምጠው መድኃኒት ደግሞ የተወጠረችውን ቱቦ ወደ መቀደድ ይገፋታል። በዚህ ዓይነት ብዙ ሰው ሐኪም በአጠገቡ ተቀምጦ እያለ ሞተ።

በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ሁለት ታላላቅ ነገሮች ተገኙ። በ1846 በቦስተን ከተማ በኤተር የማደንዘዝ ጥበብ በተሰበሰቡ ሐኪሞች ፊት ታየ፤ በ1867 ደግሞ ጆሴፍ ሊስተር ቍስልን ከምርቀዛ የሚጠብቅበትን ዘዴ አሳተመ። ከዚህ በኋላ የሰውን ሆድ ከፍቶ መልሶ መዝጋት የሚቻል ሆነ። ነገር ግን አንድን ነገር ማድረግ መቻልና መቼ ማድረግ እንደሚገባ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛውን ጥያቄ አንሥቶ የመለሰው በሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ ያስተምር የነበረው ሬጂናልድ ፊትዝ ነው። የሚያስገርመው ፊትዝ ኦፕራሲዮን የሚያደርግ ሐኪም አለመሆኑ ነው፤ የሙያው መሠረት ሬሳን መርምሮ የሞትን ምክንያት ማጥናት ነበር። ሙታንን በመመርመር ያገኘውን ዕውቀት ለሕያዋን አዋለው።

ፊትዝ በ1886 በዋሺንግተን ለተሰበሰቡ የአሜሪካ ሐኪሞች ባቀረበው ጽሑፍ የ257 ሰዎችን የትርፍ አንጀት መቀደድ ታሪክ አገናዝቦ፥ ብዙዎቹ ሐኪሞች በተለያየ ስም ሲጠሩት የኖሩት በሽታ መነሻው አንድ መሆኑን አስረዳ፤ ዛሬ የዓለም ሐኪሞች የሚጠሩበትንም አፔንዲሳይቲስ የሚለውን ስም አወጣለት። ከስሙም በላይ የሚጠቅመው ምክሩ ነበር። ከባዱ ሕመም ከጀመረ 24 ሰዓት በኋላ መመረዙ እየተስፋፋ መሄዱ ግልጽ ከሆነና የበሽተኛው ሁኔታ የሚያሰጋ ከሆነ፥ ወዲያውኑ ቀዶ ሕክምና እንዲታሰብ አሳሰበ። በዚህ ምክር ሰዓት የዚህ በሽታ መለኪያ ሆኖ ገባ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1889፥ የኒው ዮርኩ ሐኪም ቻርልስ መክበርኒ የሕመሙን ትክክለኛ ስፍራ አመለከተ። ከእምብርት እስከ ቀኝ ዳሌ አጥንት ጫፍ መስመር ቢሰመር፥ ከዳሌው አጥንት በኩል አንድ ሦስተኛውን ያህል ርቆ በሚገኘው ነጥብ ላይ በአንድ ጣት ሲጫኑት በሽተኛው ከሁሉ ይልቅ ይታመማል። የቺካጎው ጆን መርፊ ደግሞ የሕመሙን ቅደም ተከተል አስተማረ፤ በመጀመሪያ በእምብርት ዙሪያ ቍርጠት፥ ቀጥሎ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፥ ከዚያም ሕመሙ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ መዛወር፥ በኋላም ትኵሳት ነው። እንግዲህ በሽታው ስም፥ ስፍራና ሥርዓት ተገኘለት። ይሁን እንጂ አንድ ታላቅ ክርክር ቀረ። በአሜሪካ ብዙዎች «ሳትቀደድ ፈጥነን እናውጣት» ሲሉ፥ በእንግሊዝ አገር ደግሞ የታወቁ ሐኪሞች «ሕመሙ በረድ እስኪል እንታገሥ» ይሉ ነበር። ከእነዚህ ታጋሾች ዋናው ፍሬድሪክ ትሪቭስ ነው። ትሪቭስ በዚሁ በሽታ ሊቅነቱ የተመሰከረለት ሰው ሲሆን፥ በ1900 የገዛ ልጁ ሔቲ ትርፍ አንጀቷ ተቀድዶ ሞተችበት። እንዲህ ያለው ሊቅ በቤቱ ያለውን በሽታ በሰዓቱ ለመያዝ ካልቻለ፥ ሌላው ሰው ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት ማስተዋል ይገባል።

ይህ ከሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ ትሪቭስ በዓለም ሁሉ ፊት ተፈተነ። ንግሥት ቪክቶሪያ በጃንዋሪ 1901 ካረፉ በኋላ ልጃቸው 7ኛው ኤድዋርድ ዙፋኑን ወረሱ፤ የዘውድ መጫናቸውም በዓል ለጁን 26 ቀን 1902፥ ማለት በእኛ አቈጣጠር ለሰኔ 19 ቀን 1894 ዓ.ም. ተወሰነ። ለዚሁ በዓል ከየመንግሥታቱ መልእክተኞች ተልከው ነበር፤ ከኢትዮጵያም ዳግማዊ አፄ ምኒልክን ወክለው ልዑል ራስ መኰንን ወደ ለንደን ሄደዋል። በዓሉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ንጉሡ ሆዳቸውን ታመሙ። ዕድሜያቸው 60 ዓመት ሲሆን ሰውነታቸውም እጅግ ወፍራም ነበር። ትሪቭስ ተጠርቶ መጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሕመሙ የቀለለ መሰለ፤ ስለዚህ በዓሉ እንደ ታሰበው እንዲሆን ተስፋ ተደረገ፤ ንጉሡም ጁን 23 ቀን ወደ ለንደን ተመለሱ። በዚያኑ ማታ ግን ትኵሳቱ ተነሣ፤ በሆዳቸውም ቀኝ በኩል የነበረው እብጠት በረታ።

እዚህ ላይ የንጉሡን ጭንቀት በቀላሉ ማየት አይገባም። ከተማው አጊጧል፤ መኳንንቱና መልእክተኞቹ ተሰብስበዋል፤ ግብሩ ተሰናድቷል። ከ60 ዓመት በላይ ዘውድ ሲጫን ያላየ ሕዝብ ንጉሡን ይጠብቃል። ስለዚህ ንጉሡ ሐኪሞቹ ስለ ኦፕራሲዮን ሲነግሯቸው አሻፈረኝ አሉ፤ ቃሌን ጠብቄ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መሄድ አለብኝ ብለው ተከራከሩ። ትሪቭስም እንግዲያውስ የሚሄዱት በሬሳ ሣጥን ነው የሚል መልስ እንደ ሰጣቸው ይነገራል። ሲታገሥ የኖረው ሐኪም በዚያች ቀን መታገሥን ተወ። ንጉሡም በመጨረሻ እሺ አሉ። ጁን 24 ቀን፥ በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፥ በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ውስጥ በተዘጋጀ ክፍል ሆዳቸው ተከፍቶ የተቋጠረው መግል ፈሰሰ። ሥራው 40 ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ ትርፍ አንጀቷም አልወጣችም፤ መግሉን ማፍሰሱ በቂ ሆኖ ተገኘ። አረጋዊው ሊስተርም በዚህ ጕዳይ ምክር ከተጠየቁት ሐኪሞች አንዱ ነበር። ንጉሡ ፈጥነው አገገሙ፤ ዘውዳቸውንም ኦገስት 9 ቀን፥ ማለት ነሐሴ 3 ቀን 1894 ዓ.ም. ጫኑ፤ ከዚያ በኋላም እስከ 1910 ድረስ ነገሡ።

በዓሉ በመዘግየቱ የእንግሊዝ መንግሥት ብዙ ወጪና ኀፍረት ደረሰበት የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን የዘገየ በዓል ይከበራል፤ ያለፈች ሰዓት ግን አትመለስም። የንጉሡ ሕመም ዜና በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ስለ ታተመ፥ ከዚያ በፊት ስሙን እንኳ ያልሰማ ሕዝብ ትርፍ አንጀትን አወቀ፤ ሆድን በኦፕራሲዮን ማስከፈትም ከሞት ጋር ብቻ የሚቈጠር ነገር መሆኑ ቀረ።

የንጉሡ መዳን ግን ሁሉን አላስተማረም። በዚያው በ1902፥ በኖቬምበር ወር፥ የአሜሪካው የጦር ሐኪም ዋልተር ሪድ ትርፍ አንጀቱ ተቀድዶ በ51 ዓመቱ በዋሺንግተን ሞተ። ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት በኩባ ባደረገው ምርምር ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ያረጋገጠ፥ የብዙ ሺሕ ሰው ሕይወት ያተረፈ ሊቅ ነበር። ዕውቀት ለሰው ሁሉ ሲሆን ለራስ እንደማይሆን ይህ ምሳሌ ይበቃል።

ከ24 ዓመት በኋላ ደግሞ በሰንሰለት ታስሮ በማምለጥ ጥበቡ ስሙ በዓለም የተሰማው ሃሪ ሁዲኒ በዚሁ በሽታ ወደቀ። በኦክቶበር 1926 በሞንትሪያል ከተማ ሳለ፥ የሆዱን ጥንካሬ ለመፈተን አንድ ተማሪ በቡጢ መታው። ቡጢው በሽታውን አምጥቶት እንደ ሆነ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ነገር ግን ሕመሙን የመታው ቡጢ ያመጣው መስሎ ስለሚታይ ለመዘግየት ምክንያት ሆኖ ሊያታልል እንደሚችል ግልጽ ነው። ሁዲኒ ሕመሙን ይዞ በባቡር ወደ ዲትሮይት ተጓዘ፤ ትኵሳቱ 40 ዲግሪ ደርሶ ሳለ ኦክቶበር 24 ቀን ማታ ለተሰበሰበው ሕዝብ ትርኢቱን አሳየ። በማግሥቱ ሆዱ ሲከፈት ትርፍ አንጀቱ ተቀድዶ መርዙ በሆዱ ተሰራጭቶ ተገኘ፤ ኦክቶበር 31 ቀንም በ52 ዓመቱ ሞተ። ከማንኛውም ሰንሰለት የሚያመልጥ ሰው ሕዝብን ላለማሳዘን ካለው ፈቃድ ለማምለጥ አልቻለም።

እነዚህን ሰዎች ስናነጻጽር አንድ ነገር ጐልቶ ይታያል። እንዲዘገዩ ያደረጋቸው ስንፍና አልነበረም። ንጉሡን የያዛቸው የመንግሥት ክብር፥ ሁዲኒን የያዘው ለሕዝብ የሰጠው ቃል ነው። በየቤቱም እንዲሁ ነው፤ አንዱን የሥራው ቀጠሮ፥ ሌላዪቱን የልጆቿ ጕዳይ፥ ሦስተኛውን የገንዘብ ማነስ፥ አራተኛውን ሰው በሌሊት መቀስቀስ ማፈር ይይዘዋል። የመዘግየት ምክንያት ሁልጊዜ የተከበረ መልክ አለው፤ አደገኛነቱም በዚሁ ነው።

እንግዲህ ሰዓቱ መቼ እንደ ደረሰ ሐኪም ያልሆነ ሰው በምን ይወቅ? ለዚህ በጣም የሚጠቅም መመሪያ የጻፈው የእንግሊዙ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ዛካሪ ኮፕ ነው። በ1921 ስለ ድንገተኛ የሆድ ሕመም ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፥ ቀድሞ ደኅና በነበረ ሰው ላይ ተነሥቶ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ሳይለቅ የቈየ ከባድ የሆድ ሕመም ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ከሚያሻው ነገር የመጣ እንደ ሆነ አስረዳ። የዚህ መመሪያ ጥቅሙ በሽተኛው የበሽታውን ስም እንዲያውቅ አለማስገደዱ ነው። ሰዓት መቍጠር የሚችል ሰው ሁሉ ሊጠቀምበት ይችላል። ይሁን እንጂ ስድስት ሰዓት እስኪሞላ መጠበቅ ግዴታ ነው ማለት አይደለም፤ ሕመሙ እጅግ የበረታ እንደ ሆነ ወይም ሌላ አስጊ ምልክት ከታየ አስቀድሞ መሄድ ይገባል።

ሐኪም ሊደረስበት በማይቻልበት ስፍራ ይህ ውሳኔ ምን ያህል እንደሚከብድ በ1961 በደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ ታየ። ሌዎኒድ ሮጎዞቭ የተባለ የ27 ዓመት የሶቪየት ሐኪም በኖቮላዛሬቭስካያ የምርምር ጣቢያ ከነበሩት 13 ሰዎች አንዱ ሲሆን፥ በመካከላቸው ሐኪም እርሱ ብቻ ነበር። ኤፕሪል 29 ቀን ታመመ፤ ምልክቱን አይቶም ትርፍ አንጀት መሆኑን አወቀ። በመጀመሪያ በመድኃኒት ለማብረድ ሞከረ፤ ሕመሙ ግን በረታ፤ የበረዶው ማዕበልም አይሮፕላን እንዳይደርስለት ከለከለ። ስለዚህ በማግሥቱ ሌሊት፥ አንዱ ባልንጀራው መሣሪያ እያቀበለው ሌላው መስተዋት ይዞለት፥ የሚቈረጠውን ስፍራ ብቻ አደንዝዞ በገዛ እጁ የገዛ ሆዱን ከፍቶ ትርፍ አንጀቱን አወጣ። ሥራው አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጀ፤ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላም ወደ ሥራው ተመለሰ። ሮጎዞቭን ያዳነው ጀግንነቱ ብቻ አይደለም፤ መታገሥ የሚገባበት ጊዜ ማለፉን በሰዓቱ ማወቁ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጥበበ ሕክምና እጅግ ተራምዷል። በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ያገኘው ፔኒሲሊን ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በሰፊው ሲሠራበት በሆድ ውስጥ መመረዝ የሚሞተው ሰው ቀነሰ። በ1980 የጀርመኑ ኩርት ዜም በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ የመመልከቻ መሣሪያ ትርፍ አንጀትን አወጣ። በ2020 ደግሞ በአሜሪካ በ1,552 አዋቂ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤቱ ታትሞ፥ ገና ያልተቀደደች ትርፍ አንጀት በተሕዋስያን መግደያ መድኃኒት ብቻ ልትታከም እንደምትችል አሳየ፤ ሆኖም መድኃኒቱን ከወሰዱት ከ10 ሰዎች 3ቱ ያህል በ90 ቀን ውስጥ ኦፕራሲዮን ማድረግ አስፈልጓቸዋል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያውስ መቸኰል ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ሁሉ አስቀድመው ወደ ሐኪም ቤት የሄዱ፥ የተመረመሩና ሐኪም የሚከታተላቸው ናቸው። ምርጫው ከሐኪሙ ዘንድ ከደረሱ በኋላ የሚመጣ ምርጫ እንጂ በቤት ተኝቶ የሚመረጥ አይደለም።

እውነት ነው፥ የሆድ ቍርጠት ሁሉ ትርፍ አንጀት አይደለም፤ አብዛኛው በራሱ የሚሄድ ነው። በከንቱ ሆዳቸው የተከፈተ ሰዎችም በዚህ ታሪክ ውስጥ አያሌ ናቸው። ነገር ግን ወደ ሐኪም መሄድና ኦፕራሲዮን መደረግ አንድ ነገር አይደለም። ሄዶ «ምንም የለብህም» መባል ኀፍረት ሊሆን አይገባም፤ ከሁለቱ ስሕተቶች የሚታረመው ይኸኛው ብቻ ነውና።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጥያቄው ሌላ ክብደት ይጨምራል። በ1994 ሰሬን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስለ እናቶች ሞት በጻፉት ጥናት ሕይወት የሚጠፋባቸውን ሦስት መዘግየቶች ለይተው አመለከቱ፤ የመጀመሪያው ለመሄድ በመወሰን፥ ሁለተኛው ከሐኪም ቤት ለመድረስ፥ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለማሳጠር የሚቻለው መንገድ በመሥራት፥ አምቡላንስ በማቅረብና ባለሙያ በማሠልጠን ነው። በዚህም ረገድ በ1954 የተከፈተው የጐንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን ወደ አውራጃዎች ማሰማራቱ፥ ኋላም ከ2009 ጀምሮ የጤና መኰንኖች በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እየሠለጠኑ ከዋና ከተማ ርቀው ወደሚገኙ ሐኪም ቤቶች መላካቸው የሚመሰገን ነው። የመጀመሪያው መዘግየት ግን በበጀት ብቻ አይወገድም፤ የሚወገደው በየቤቱ በሚገባ ዕውቀት ነው። እንዲያውም መንገዱ ሩቅ በሆነ መጠን ውሳኔው ቀደም ማለት አለበት፤ ሐኪም ቤቱ የግማሽ ቀን መንገድ የሚርቀው ሰው ከተሜው የሚጠብቀውን ያህል ለመጠበቅ አይችልም።

ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ተማሪዎችም ለወላጆቻቸው ሊነግሩት የሚገባ ጥቂት ነገር አለ። ከእምብርት ዙሪያ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ የሚዛወር፥ ሲራመዱ ወይም ሲያስሉ የሚብስ፥ የምግብ ፍላጎት ማጣት፥ ማስመለስና ትኵሳት የሚከተለው ሕመም ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ሊታይ ይገባል። ሆድ እንደ ጣውላ የደረቀ እንደ ሆነ አንድ ሰዓት እንኳ መባከን የለበትም። በሕፃናት፥ በሽማግሌዎችና በነፍሰ ጡር ሴቶች ላይ ምልክቱ እንደ መጽሐፉ ስለማይሆን ለእነርሱ ይበልጥ መፍጠን ያስፈልጋል። ከባድ ሕመም ያለ ሕክምና በድንገት ቀለል ሲል ተመስገን ብሎ መተኛት አይገባም፤ ትርፍ አንጀት ስትቀደድ ውጥረቱ ስለሚላላ ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ሊበርድ ይችላልና። ከሁሉም በላይ ምንጩ ባልታወቀ የሆድ ሕመም ላይ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጠጣት ክልክል ነው። አባቶቻችን ኮሶ የሚጠጡት ለኮሶ ትል እንጂ ለሆድ ሕመም ሁሉ አልነበረም፤ የ19ኛው ምዕት ዓመት የአውሮጳ ሐኪሞች በዚህ ዓይነት ስሕተት ምን ያህል እንደ ጐዱ ከላይ አይተናል።

ይህ ሁሉ የተነገረው ስለ አንዲት ጣት የማትሞላ ብልት ቢሆንም፥ ሕጉ ለሌላውም ድንገተኛ ሕመም ይሠራል። ደረቱን በድንገት የሚጨመድደው፥ አፉ የሚጣመምበት ወይም አንድ ወገን እጁና እግሩ የሚዝልበት ሰውም ሕይወቱ የተንጠለጠለው በሰዓት ላይ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለቤት እሳት ብቻ አይደለም። ከ250 ዓመት በላይ የፈጀ ጥናት፥ የአያሌ ሊቃውንት ድካምና የብዙ ሰዎች ሞት ተደምሮ ያስገኘው ትምህርት ሲጨመቅ ከዚህ አይበልጥም፤ ቢላዋው ተስሏል፥ ማደንዘዣው ተገኝቷል፥ መድኃኒቱ ተቀምሟል፤ የቀረው በሽተኛውን በሰዓቱ ማድረስ ነው። ይህንንም የሚያደርገው ሐኪሙ ሳይሆን በሽተኛው አጠገብ የተቀመጠው ሰው ነው።